ከቤተ መንግሥት የማያልፍ ትርጓሜ

የአማርኛ ዘፈን አድማጭ፣ ምንም እንኳ የቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ቢሆን፣ ከሰሙ በታች ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ የሚጠረጥር ሰው ነው። ዘፋኙ ስለ ጠይም ልጅ ሲያዜም ስለ አገር እንደ ሆነ፣ ስለ ዘገየ ዝናብ ሲያዜም ስለ ዘገየ ፍትሕ እንደ ሆነ፣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ካላወቀም አውቄያለሁ ይላል። በ1997 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን «ጃ ያስተሰርያል» የተባለውን ዘፈኑን ባወጣ ጊዜ፣ ርእሱ የፈጣሪን ስም የተሸከመና ግሡም ከንስሐና ከሥርየት ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ሳለ፣ የከተማው ሰው ወርቁን ፍለጋ የገሠገሠው ወደ ቤተ መንግሥት ነበር። እርግጥ ነው፣ ዘፈኑ ራሱ የመንግሥታትን መለዋወጥ ስለሚያነሣ ፍለጋው ከንቱ አልነበረም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይኸው የረቀቀ አድማጭ፣ ግጥሙ ወደ ፈጣሪ ዞሮ ለምን ረሳኸኝ፣ ለምን ዝም አልኸኝ ማለት ሲጀምር፣ ያን ሁሉ የትርጓሜ ጥበቡን በአንድ ጊዜ ጥሎ ከንባቡ ወዲያ የማያይ መሆኑና «ካደ» ብሎ መፍረዱ ነው። ሹምን በምሥጢር የሚወቅስ ዘፈን ሲሰማ ሊቅ፣ አምላክን የሚሞግት ዘፈን ሲሰማ ጨዋ የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው?

እኔ በምኖርበት በሳሪስ ይህን ለመታዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው የቅዳሴ ዜማ፣ ከመስጊድ የሚሰማው አዛን፣ ከየአዳራሹ የሚፈሰው መዝሙርና ከየሱቁ ደጃፍ የሚለቀቀው ዘፈን በአንድ አየር ላይ ሲጋፉ ይውላሉ። ባለፈው ጥቅምት 5 ቀን፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በዋለበት ዕለት፣ ከአቦ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ሾፌሩ አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ዘፋኙ እናቱን የነጠቀውን ሞት ትቶ ሞትን የላከውን ጌታ ይሞግታል። ከበዓሉ የሚመለሱ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት አዛውንት «የኔ ልጅ፣ እባክህ ይህን ክሕደት ዝጋልን፤ ቀኑ እኮ አቦ ነው» አሉት፤ ሾፌሩም «እሺ እማማ» ብሎ ዘጋው። ጥቂት እንደ ሄድን መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፤ ረዳቱ ወርዶ አየና «አይንቀሳቀስም» ብሎ ተመለሰ፤ ፀሐዩም በመስኮት ገብቶ ያቃጥል ጀመር። በዚህን ጊዜ እኚያው እናት ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ «ምነው አቦዬ! ምነው ጌታዬ፣ ጭራሽ ተውኸን እኮ!» አሉ። ከተሳፋሪው መካከል ካዱ ያላቸው አልነበረም፤ የእሳቸው እሮሮ ከዘፋኙ እሮሮ በምን እንደሚለይ ግን እስከ ላንቻ ድረስ ሳሰላስለው ሄድሁ።

ነገሩን ለመመርመር ያህል፣ የማንንም ዘፋኝ ስም ሳላነሣ፣ እኔው ራሴ አንድ ስንኝ ልግጠም፦

ሌሊቱን ሙሉ ደጁን ብጠና፣
ዝም አለኝ እንጂ መቼ ሰማና።

ስንኙ ተራ ስንኝ ነው። ነገር ግን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ በአንድ ፍች ዘግቶ ማለፍን ስለማይወዱ «አንድም» እያሉ ፍችን በፍች ላይ እንደሚደርቡ፣ እኛም በእነርሱ ፈለግ እንሂድ። ይህን የምታዜመው ሴት ብትሆን፣ ደጁ የወዳጇ ደጅ፣ ሌሊቱም የናፍቆት ሌሊት ነው። አንድም፣ የሚያዜመው ወንድ ቢሆን፣ ደጁ የጌታ ደጅ ነው፤ ባላገር ለርስቱ ሙግት፣ ወታደር ለሹመቱ፣ የዛሬውም ባለጉዳይ ለአንዲት ፊርማ ደጅ ይጠናልና፤ ሌሊት የተባለውም የመከራው ዘመን ነው። አንድም፣ ደጁ ደጀ ሰላም፣ ሌሊቱ የማኅሌት ሌሊት፣ ዝም ያለውም አምላክ ነው። ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ፍች በደረስን ጊዜ ነው እንግዲህ አድማጫችን የሚደነግጠው። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ደጅ የጠና ሰው በቤቱ ውስጥ ባለቤት መኖሩን ያመነ ሰው ነው፤ ባዶ ቤት ደጅ አይጠናም። ይህም ይቅርና፣ ይኸው ስንኝ በበገና ተደርድሮ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ ቢሰማ፣ ያ የደነገጠው ሰው አንገቱን ደፍቶ እንባውን ያፈስሳል፤ በኪቦርድ ታጅቦ ከመጠጥ ቤት ቢወጣ ግን ያወግዘዋል። ግጥሙ አንድ ነው፤ ፍርዱን የሰጠው መሣሪያውና ቤቱ ነው።

ደግሞስ ሙግት ለቤተ ክርስቲያን ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነባት? ጻድቁ ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ረግሟል፤ ሊጠይቁት የመጡት ወዳጆቹም ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በብዙ ምዕራፍ ተከራክረውታል፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በተሟጋቹ በኢዮብ ላይ ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ እንደ ነበረ፣ ዘፋኞችን ለማውገዝ የሚቸኵል ሰው ሁሉ መለስ ብሎ ቢያነብበው መልካም ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስም በሰሙነ ሕማማት ለምእመናን ጆሮ ሲነበብ፣ ነቢዩ ጸሎት እንዳያልፍ አምላክ ራሱን በደመና እንደ ከደነ የሚናገረውን ሰምቶ ከመቅደስ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የሳሪሱ ሰው ታቦቱን የሚያነግሥላቸው ጻድቅ እንኳ፣ ለኢትዮጵያ ሰዎች ምሕረት እየለመኑ በዝቋላ ባሕር ውስጥ ቍልቍል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት እንደ ቈዩ ገድላቸው የሚተርክላቸው፣ ልመናቸው ሳይሰማ አልወጣም ያሉ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን አቋም በዛሬ ቋንቋ ብንጠራው ከሙግት በቀር ምን እንለዋለን?

ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ልቅሶ ቤት ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። አልቃሿ ደረቷን እየደቃች በሙሾዋ ፈጣሪን የምትለው ነገር በአልበም ላይ ታትሞ ቢወጣ ስንት ስብከት በተሰበከበት ነበር፤ ካህኑ ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ እንጂ አይነሡም። የወሎው መንዙማም ከውዳሴው ጋር የሚያባብልና የሚማጠን ድምፅ አለው፤ ይህን ግን ከእኔ ይልቅ ያን ዜማ ሲሰማ ያደገ ሰው ቢጽፈው ይሻላል። የጎንጁ ተዋነይ ደግሞ በድፍረቱ የሚነገርለት ባለቅኔ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ እስከ ዛሬ በቅኔ ቤት በክብር ይጠራል፤ መምህራኑ ደፋሩን ቅኔ ያቆዩት ለመመርመር ነውና።

በባዕድ አገርም ሌናርድ ኮኸን የተባለው ካናዳዊ አይሁዳዊ በ1984 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ዳዊትን ውድቀትና የራሱን የተሰበረ እምነት ቀላቅሎ «ሃሌሉያ» የሚል ዘፈን ባወጣ ጊዜ፣ የሸክላ ኩባንያው አልበሙን በአሜሪካ አላወጣም ብሎት ነበር፤ ዛሬ ዘፈኑ በሠርግም በአብያተ ክርስቲያናትም እንደ መዝሙር ይዜማል። ከሚያዜሙት መካከል ብዙዎቹ ግጥሙን እስከ መጨረሻው እንዳላነበቡት ግን እጠረጥራለሁ።

ይህም ወደ ተቃራኒው ስሕተት ያደርሰናል። ሁሉን ክሕደት የሚል አድማጭ እንዳለ ሁሉ፣ ሁሉን ጸሎት የሚያደርግ አድማጭም አለ። ሙሉቀን መለሰና ሂሩት በቀለ በስመ ጥርነታቸው ዘመን ዘፈኑን ትተው ወደ ወንጌላውያን አማኞች መዝሙር መሻገራቸው የታወቀ ነው፤ የቀድሞ የፍቅር ዘፈኖቻቸውን እያነሣ ነፍሳቸው ያኔውኑ አምላክን ትጠራ እንደ ነበር በስንኝ በስንኙ ያስረዳኝ ሰው ገጥሞኛል። ሰውየው ትጉህ ነበር፤ ነገር ግን የፍቅር ዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሰም ሁሉ ወርቅ የለበትም፤ ሙሉቀንም በዚያ በሚያባባ ድምፁ ስለ ሴት ልጅ ውበት ማዜሙ ማመካኛ የሚፈለግለት ኀጢአት አይመስለኝም።

ከላይ የገጠምኩት ስንኝ እንግዲህ ሆን ብዬ የተውኩት አራተኛ ፍች አለው። አንድም፣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ዝምታውም ዝም ያለ ሰው ዝምታ አይደለም። ይህን ፍች አውቆና አስቦ የሚያዜም ወጣት ምናልባት ዛሬም በሳሪስ በአንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጊታሩን እየቃኘ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው በመጣ ጊዜ፣ የተጠራጠረውን ጥርጣሬ «የፍቅር እሮሮ ነው» ብለን በደግነት ማለዘብ እሱን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው፤ ያለውን ብሏልና እንዳለው ይሰማ፣ መልስ ያለውም በዜማም ቢሆን በስብከት ይመልስለት። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ባለ ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ ማኅበር አላስወጡትም፤ በስምንተኛውም ቀን በዚያው ቤት ከእነርሱ ጋር ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ዳግም ትንሣኤን ስታከብር ያን ጥርጣሬ ሳትሸሽግ ታነብበዋለች። ስለዚህ በየሰበካው ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያስጨነቃቸውን ዘፈን ግጥም ጽፈው ወደ መምህራቸው ይዘው በሄዱ ጊዜ፣ መምህሩ ይህን ማን አሰማችሁ ብሎ ከመቈጣቱ በፊት ወንበሩን ስቦ ቢቀመጥና ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ አንድም እያለ ቢያወርድላቸው እወዳለሁ፤ አራተኛው ፍች ላይ ሲደርስም አይዝለለው።