ኮርቬትን የሸጠው ዋጋው ነው

እ.ኤ.አ. በ2019 የሸቭሮሌት ኮርቬት ሞተር ከሹፌሩ ፊት ተነሥቶ ከጀርባው፣ መኪናው መሃል ላይ፣ ሲቀመጥ ብዙ የቆዩ ወዳጆቹ አዘኑ። ከ1953 ጀምሮ ረጅሙ ኮፈን የዚህ አሜሪካዊ ስፖርት መኪና መለያ ነበርና ቅሬታቸው ይገባኛል። መኪናው ማንነቱን አጣ የሚለውን ግን አልቀበልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኮርቬት አባት የሚባለው መሐንዲስ ዞራ አርከስ ደንቶቭ ሞተሩ ወደ መሃል እንዲመጣ በ1960ዎቹም ሲወተውት ነበር። የሙከራ መኪኖች ተሠሩ፤ ለገበያ የበቃ ግን አልነበረም። ደንቶቭም ሳያየው በ1996 ሞተ። የወተወተው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሞተሩ ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎች ሲቀርብ ጎማዎቹ መንገዱን አጥብቀው ይይዛሉ። ሞተሩ ከፊት እያለ ጉልበት ቢጨመርበት፣ ሲነሣ የኋላ ጎማዎቹን በከንቱ ከማሽከርከር ብዙ አያልፍም ነበር።

ገበያውን የከፈተው ግን የሞተሩ ቦታ ብቻ አይደለም። ሆንዳ በአኩራ ስም ያወጣው ኤንኤስኤክስም ሞተሩ መሃል ላይ ነበር፤ ከ150,000 ዶላር በላይ ስለሚጠየቅበት ገዢው ጥቂት ሆኖ በ2022 ምርቱ ቆመ። አዲሱ ኮርቬት ግን 490 የፈረስ ጉልበት ይዞ ከ60,000 ዶላር በታች ቀረበ። በዚያው ጊዜ የወጣው ፌራሪ ኤፍ8 ከአራት እጥፍ በላይ ይጠየቅበት ነበር። በአሜሪካ በ2018 ከ19,000 ያነሰ የነበረው የኮርቬት ዓመታዊ ሽያጭ በ2022 ከ34,000 አለፈ።

የቆዩ ደንበኞች በእርግጥ ያጡት አንድ ነገር አለ፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መቀየር ቀርቷል። ይህ ለሚወዱት ቀላል ጉዳት አይደለም። ሆኖም የኮርቬት ትልቁ ውርስ ኮፈኑም ማርሹም አይደለም። የባለጸጎችን መኪና የሚገዳደር ፍጥነት፣ ደመወዙን አጠራቅሞ ለሚገዛ ሰው ማቅረቡ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ይኸው ውርስ ነው። የመነሻ ዋጋው 70,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። 1,064 የፈረስ ጉልበት ያለው ዜድአር1 የተባለው የኮርቬት ዓይነት ደግሞ ከ170,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ኩባንያው በዜድአር1 ዝናን ያትርፍ፤ ገበያውን የያዘለት ግን ርካሹ ኮርቬት ነው። የእርሱን ዋጋ ካልጠበቀ የሞተሩ ቦታ አያድነውም።