ለጡረታ ብር ሕንፃ የሚመርጥ ሰው እናሠልጥን?

የሙግቱ ጥያቄ ይህ ነው፦ የጡረታ ፈንድ፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስና መሰል ተቋማት በሕንፃ ላይ የሚያውሉትን ገንዘብ የሚመሩ ባለሙያዎችን ባሕር ዳር ላይ በልዩ ሥልጠና የማፍራት ጊዜው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ሁለቱም ተሟጋቾች የደልጊ ተወላጆች ናቸው። አንደኛዋ ባሕር ዳር ውስጥ በባንክ የንብረት ገማች ናት፤ ሁለተኛው በጡረታ የተገለሉ የመሬት ቀያሽ ናቸው።

ደርሷል፤ እንዲያውም ዘግይቷል

ጋሼ ይህን ሥልጠና «የአዲስ አበባ ሰዎች ቅንጦት» እንደሚሉት ስለማውቅ ከደልጊ ልነሳ። ደልጊ ላይ ጠመኔ ይዞ ከሚውል መምህር ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዙ 10 ሺህ ብር ከሆነ በወር 1,800 ብር በስሙ ወደ ፈንዱ ይገባል ማለት ነው። በ2003 አዋጅ ቁጥር 715 ከወጣ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መምህሩ ይህን ብር መልሶ የሚያየው ጸጉሩ ሲሸብት ነው። እስከዚያው ገንዘቡ የት እንደሚያድር የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው።

ሕጉ ገንዘቡ በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ወይም መንግሥት በሚፈቅደው ሌላ አስተማማኝና ትርፋማ ሥራ ላይ እንዲውል ይላል። ለረጅም ጊዜ የተሄደበት የመጀመሪያው መንገድ ነው። የኑሮ ውድነቱ የሰነዱን ወለድ ሲበላው ግን ዓይን ሁሉ ወደ ሕንፃ መዞሩ አይቀርም፤ በሌላው ዓለም የጡረታ ፈንዶችም የሆነው ይኸው ነው። ያን ቀን የግዥውን ሰነድ የሚፈርመው ሰው ምን ተምሮ ይፈርማል?

ሳንዘጋጅ ንብረት የወደቀብን አንድ ጊዜ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መንግሥት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የአገሪቱ ትልቁ አከራይ ሆኖ አደረ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ኪራይ ቤቶች ለተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ውርሱ ትክክል ነበር ወይስ በደል የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቤቶቹን የተረከቡት ሰዎች ቁልፍ መያዝና ኪራይ መሰብሰብ እንጂ ንብረትን ሀብት አድርጎ ማሳደግ አልተማሩም። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ። ተከራዩ ለመንግሥት ጥቂት ብር እየከፈለ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን በገበያ ዋጋ አከራየ፤ ልዩነቱ ኪሱ ገባ፤ ለጣሪያ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። ኪራይ ቤቶች የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ በኋላ በ2011 የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ሲከልስ የተነሳው ጩኸት ይታወሳል። በየጥቂት ዓመቱ ቀስ እያለ ተሻሽሎ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ባልደነገጠ፣ ተቋሙም ባልደኸየ ነበር።

አንድ ስሌት ላስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አንድ ተቋም ባሕር ዳር ላይ በ100 ሚሊዮን ብር ሕንፃ ገዛ እንበል። ክፍሎቹ ሁሉ ቢያዙ ኪራዩ በዓመት 8 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ሻጩም ደላላውም የሚጠሩት ይህንን ነው። ምድር ቤቱ ይያዛል፤ ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ ግን ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ደንበኛ የለምና 2 ሚሊዮን ቀንሱ። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጄኔሬተር፣ ጥገናና ግብር ሌላ 2 ሚሊዮን ይወስዳሉ። የቀረው 4 ሚሊዮን ነው፤ ከወጣው ገንዘብ 4 በመቶ። ብሔራዊ ባንክ ለተራ ቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ! «የሕንፃው ዋጋ ይጨምራል» የሚል ይኖራል። ሊጨምር ይችላል፤ ግን ቦታው በሊዝ የተያዘ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ የሚሰጠው ዘመን 70 ዓመት ሲሆን ሕንፃው በተሸጠ ቁጥር ከአንድ ተብሎ አይቆጠርም። ግዥው ላይ የቀረውን ዘመን ከዋጋው ጋር ያሰላው ማን ነው?

እኔ ባንክ ውስጥ የምገምተው ለመያዣ ነው፦ ብድሩ ቢበላሽ ይህ ቤት በሐራጅ ስንት ያወጣል? ኢንቨስትመንት ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ቤት በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ምን ያህል ያስገባል፣ ምን ያህልስ ያስወጣል? ለሁለተኛው ጥያቄ በወጉ ያሠለጠነኝ የለም፤ ያለኝን ከመጽሐፍ ለቃቅሜ ነው። ለወጣቶቻችን እንዲሰጥ የምፈልገው ይኸው ነው፦ ባዶ የሚያድር ክፍልን አስቀድሞ መገመት፣ የኪራይ ውልን አንቀጽ በአንቀጽ መፈተሽ፣ ሁለት ሕንፃዎችን በአንድ ሚዛን ማወዳደር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቦርድ ሰብሳቢው የወደደውን ሕንፃ «አያዋጣም» ብሎ በጽሑፍ ማቅረብ። የመጨረሻው ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረት ደግሞ ስሌት ይዞ ለቆመ ሰው ይቀላል።

ጊዜውም እየጠበቀን አይደለም። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። በሰኔ 2017 ደግሞ የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አውጥተው ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ የራሱን ባለሙያ ይዞ ነው የሚመጣው። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ሰው የእኛ ተቋም ባለሙያ እንዲሆን ዛሬ መጀመር አለብን።

አልደረሰም፤ ቅድሚያ የሚሠራ አለ

ልጄ፣ ስሌቱን አሳምረሽ ሠርተሽዋል፤ በእሱ አልሟገትሽም። ነገር ግን 100 ሚሊዮኑንና 8 ሚሊዮኑን «ለምሳሌ» ብለሽ አለፍሽው። ሥልጠና ሲከፈት ምሳሌ አይበቃም። ባሕር ዳር ላይ ባለፈው ዓመት የተሸጡት ሕንፃዎች በስንት ተሸጡ? ውሉ ላይ የሠፈረው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብር እንዲቀንስ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው። እውነተኛው ዋጋ ያለው በገዢው፣ በሻጩና በደላላው ልብ ውስጥ ነው። ኪራዩም እንዲሁ፤ ደረሰኙ ሌላ፣ በእጅ የሚቀባበሉት ሌላ። በዚህ ላይ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ብናስቀምጥ የደላላን ወሬ በሠንጠረዥ ያሳምርልናል። ቦርዱም ወሬ መሆኑን አያውቅም፤ አሁን ቢያንስ ወሬ መሆኑን ያውቃል።

እውቀት ብቻውን እንደማያድን ጎረቤታችን ኬንያ አይታዋለች። የሪል እስቴት ኢንቨስትመንት ፈንድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣች። የተማረ ሰው አላት፤ ገበያውም ከእኛ የቆየ ነው። ፋሃሪ የተባለው ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ናይሮቢ ላይ አንዱን ድርሻ በ20 ሽልንግ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለትንንሾቹ ባለድርሻዎች ድርሻቸውን መልሶ ለመግዛት የቀረበላቸው ዋጋ 11 ሽልንግ ነበር፤ በዓመቱም ፈንዱ ከዋናው ገበያ ወጣ። ያንቺ መምህር እንዲህ ያለውን ኪሳራ የሚሸከምበት ትከሻ የለውም።

አንቺ ስለ ከተማው መሀል ጻፍሽ፤ እኔ ስለ ዳርቻው ልጻፍ። ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ተነስታ በደቅና በቁንዝላ አድርጋ ወደ ጎርጎራ የምትሄደው ጀልባ የምትነካት ወደብ። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የመዝናኛ ሥፍራ ከተገነባ ወዲህ ሐይቅ ዳር ቦታ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። አንድ ተቋም መጥቶ «ጣና ዳር ቦታ ስጡኝ» ቢል የሚያርፍበት መሬት ምንድን ነው? ብዙው ባህር ሸሽ ነው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው እርጥቡ ላይ ሽምብራውን ይዘራል፤ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ተመልሶ ይተኛበታል። ውኃው የት ድረስ እንደሚሸሽ የሚወስነው ደግሞ ዝናቡ ብቻ አይደለም። በ1988 ጫራ ጫራ ላይ የዓባይ መውጫ በግድብ ተበጅቷል፤ ከግንቦት 2002 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ይወስዳል። የግድቡ በር ምን ያህል ተከፈተ፣ ተርባይኑ ምን ያህል ሠራ የሚለው ደልጊ ዳርቻ ላይ ማሳ ያሰፋል፣ ማሳ ያጠባል። በበጋ ችካል የተከልኩበትን ቦታ በክረምት በታንኳ አልፌበታለሁ። በዚያ ላይ ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳርቻው ላይ እንደፈለጉ አይገነባም። ይህን ሁሉ የያዘ አንድ መዝገብ በሌለበት የ20 ዓመት ገቢ የሚያሰላው ባለሙያሽ ምን ላይ ቆሞ ያሰላል?

ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን ግጭትም ሳልጠቅስ አላልፍም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ባንክ ቤት ከፍቶ ለመዋል በሚፈራበት ወረዳ ስለ ሕንፃ ገቢ ማውራት ለጆሮ ይከብዳል።

«ታዲያ ምን ይሠልጥን?» ካልሽኝ መልሱ ደጅሽ ላይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመሬት ባለሙያ ያፈራል፤ የንብረት ግመታም ያስተምራል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከመሬቱ ለሚነሳ ገበሬ ካሳ እንዲሰላ ያዛል፤ ያን ስሌት በወጉ የሚሠራ፣ ገበሬው ሲጠይቀውም አብራርቶ የሚመልስ ሰው ወረዳ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ካዳስተሩን፣ ማለትም የመሬት ይዞታ መዝገቡን የሚያድስ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ንብረት የሚመዘግብ፣ ሕንፃ የሚጠግን ይቅደም። አለዚያ የምታሠለጥኝው ልጅ በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ደልጊም ባዶ እጇን ትቀራለች።

አጭር መልስ

ጋሼ፣ ኬንያን ግማሹን ነው የነገሩን። በዚያው ደንብ፣ በዚያው ከተማ፣ አኮርን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የተማሪ ማደሪያ ቤቶች ፈንድ አቋቁሞ ሥራውን ቀጥሏል። ፋሃሪ የገበያ ማዕከልና ቢሮ ላይ አተኮረ፤ አኮርን አልጋ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ እንዳለ አይቶ ማደሪያ ሠራ። ሕጉ አንድ፣ አገሩ አንድ፤ የተለያየው ምርጫው ነው። እኔ የምለው ሥልጠና ይህንን መምረጥ ነው የሚያስተምረው።

ቁጥር የለም የሚለው ክርክርዎም ራስዎን ይነካል። በ1995 አማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ የሆነውን አረንጓዴ ደብተር መስጠት ሲጀመር ካዳስተር ነበረ? ማሳው በገመድ ተለክቶ፣ ድንበርተኛ ምስክር ሆኖ ነው የተመዘገበው። ከሚለኩት አንዱ እርስዎ ነበሩ። ልኬቱ ፍጹም እስኪሆን ቢጠበቅ ኖሮ ያ ሁሉ ገበሬ እስከ ዛሬ ያለ ደብተር በቀረ ነበር። የኪራይና የሽያጭ ዋጋ የሚሰበሰበውም ዋጋውን ለሥራው የሚፈልግ ሰው ሲኖር ነው። ባንካችን ውስጥ ስንትና ስንት የግምት ፋይል ተከምሯል፤ ስሙ ተሰርዞ፣ አድራሻው ተሰውሮ ቢሰበሰብ ባሕር ዳር የመጀመሪያውን የዋጋ መዝገቧን ታገኛለች። ደልጊን ጥለው ይሄዳሉ የሚለውን ግን አልክድም፤ እኔም ያለሁት ባሕር ዳር ነው።

የጋሼ የመጨረሻ ቃል

በገመዱ ረትተሽኛል፤ በቀረው ግን አልተረታሁም። ገመዱ ማሳ ላይ ወረደ እንጂ አዳራሽ ውስጥ አልተዘረጋም። የምፈራው በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሻይ ሰዓት ያለበት የአራት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሰርተፍኬት ታድሎ የሚያልቀውን ነው። እንዲህ ያለውን ከሆነ እስከ መጨረሻው እቃወማለሁ።

ኢንስቲትዩቱ ትምህርቱን በመሬት አስተዳደር ሥር አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ተማሪዎቹ በትንንሽ ከተሞች የማዘጋጃ ቤትና የቀበሌ ንብረት እንዲመዘግቡበት ቢያደርግ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ መጋዘንና ሱቅ ስንት እንደሚከራይ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ጣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ክረምት ውኃው እስከየት እንደሚደርስ ተጽፎ ይቀመጥ። ያንን መዝገብ ያልሠራ ተማሪ ወደ ጡረታው ብር ስሌት አይለፍ። የኢንስቲትዩቱ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ደልጊን ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ አድርጓት፤ ድንበሩን እያሳየሁ አብሬ እዞራለሁ።