ሰርጉ የማን ነው?

ለመሆኑ የዛሬ ሰርግ ባለቤቱ ማን ነው? ሙሽሮቹ እንዳይባል፣ ቁሙ ሲባሉ የሚቆሙት፣ ሳቁ ሲባሉ የሚስቁት እነሱ ናቸው (ሒሳቡን የሚከፍሉትም እነሱ መሆናቸውን ልብ ይሏል!)። አዛዡ ፎቶ አንሺው ነው። ሙሽራዪቱ ከቤት ልትወጣ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ስትስም፣ «ብርሃኑ አልመጣልኝም፤ ይደገም!» ይላል። ጉልበት መሳሙ ይደገማል፤ የእናትየው እንባ ግን በትእዛዝ አይመለስም። አልበም ውስጥ የሚገባውም ለካሜራው ሲባል የተሳመው ጉልበት ነው።

«የፈጠራ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ፈጠራማ የሳሙኤል ፎሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በመካከለኛው አፍሪካ ባንጊ ከተማ ገና በ13 ዓመቱ ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ ከደንበኞች በተረፈው ፊልም ራሱን እያነሳ ናይጄሪያ ለሚኖሩት ቤተሰቦቹ ይልክ ነበር። ልብሱንም አቋቋሙንም የመረጠው ራሱ ነው፤ የማንንም ሰርግ አላስቆመም። ሙሽሮችም እንዲያ መነሳት ካማራቸው በሌላ ቀን ፎቶ ቤት ገብተው እንዳሻቸው ይሁኑ፤ ማን ከለከላቸው?

በሰርጉ ዕለት ግን ፎቶ አንሺው ጥግ ይያዝ። በር ላይ ከሰርገኛው ጋር የሚገፋፉትን፣ ከድንኳኑ ጀርባ ላባቸውን እየጠረጉ ወጥ የሚያወጡትን አክስቶች ያንሳ። በየአልበሙ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ፤ ያን ሁሉ እንግዳ ያበሉት ግን እነሱ ነበሩ።