የገዥው ቀለብ

ስለ ሥልጣን ስንጫወት ብዙ ጊዜ የምናማው ከላይ ያለውን ሹም ነው። ዛሬ ግን መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5ን ይዘን የራሳችንንም ቤት እንይ።

ነህምያን ገዥ አድርጎ ወደ ይሁዳ የላከው የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር እየተሠራ ሳለ ድሆቹ ጮኹ። ረሃብ ስለጸናባቸው እርሻቸውንና ቤታቸውን በመያዣ አስይዘዋል፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት ሰጥተዋል። ያበደሯቸውም ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው። ነህምያ እጅግ ተቆጣ፤ ሆኖም በልቡ ከመከረ በኋላ ነው ታላላቆቹን በጉባኤ ፊት የወቀሳቸው። የያዙትን እንዲመልሱም አስማላቸው።

ወቀሳው የተሰማለት ኑሮው ስለመሰከረለት ይመስለኛል። በማዕዱ 150 ሰው እየቀረበ፣ ለገዥ የሚሰጠውን ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ አልወሰደም። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ እግዚአብሔርን መፍራቱና የሕዝቡ ሸክም መክበዱ።

ለእኛ ለኢሉባቦር ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በነበረችበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ገባሩ ለመልከኛው እህል ይሰፍር፣ ማር ይገብር፣ እንጨት ይፈልጥ፣ ጓዝም ይሸከም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። ሸክምን በሌላው ጫንቃ ላይ የመጣል ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም።

ከዚሁ ምዕራፍ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር አለ፤ በቀደሙት ገዥዎች ዘመን ሎሌዎቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሽተኛን የሚያንገላታው ሁልጊዜ ኃላፊው አይደለም። የበሩ ጥበቃ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘችው ነርስ ሁሉም በየድርሻቸው ሹሞች ናቸው። ኃላፊው ዘመዱን ያለ ተራው ካስገባ፣ ጥበቃውም የራሱን ሰው ያስገባል። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የመጣችው ነፍሰ ጡር ግን ደጅ ትቀራለች።

በቤታችን ደግሞ ቁልፉን የያዝነው እኛ ነን። አባት ሲያዝ፣ እናት የቤት ሠራተኛዋን ስትጠራ፣ አያት አንዱን የልጅ ልጅ ከሌላው ስታስበልጥ ልጆች ያያሉ። ሠራተኛዋ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ፣ ከሁሉ በኋላ የተረፈውን የምትበላ ከሆነ፣ ልጁ ስለ ሥልጣን የሚማረውን እዚያው ተምሯል። ነገ ወንበር ሲያገኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምዕራፉን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ከዚያም «በዚህ ቤት ሸክም የበዛበት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ቢመርም አትቆጡ፤ ነህምያም መጀመሪያ ያደረገው የሰዎቹን ጩኸት መስማት ነው። ቀጥሎ ከሸክሙ አንዱን ራሳችሁ አንሡ፤ ልጆቹም እያዩ ይሁን።