ስለ ደመወዝና ስለ ገበያ



ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር እኩል ተራምዷል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አስቀድሞ «የማን ደመወዝ?» መባል አለበት። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲወጣ፣ ከፍተኛው የተነሣው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ ከፍተኛው 39,000፣ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆነ። በመቶኛ ሲታሰብ ለላይኛው 81፣ ለታችኛው 26 መሆኑ ነው።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የግሽበት መጠን በ2014 ዓ.ም. ከነበረበት ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋው በዝግታ ጨመረ ማለት እንጂ ረከሰ ማለት አይደለም፤ ይህንስ አንዳንድ አለቆቻችንም ያምታቱታል።

እዚህ መቲ ቡናና ማር ከማጃንግ ጫካ ይገኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳሙናው፣ ዘይቱና ቆርቆሮው ግን ከሩቅ አገር የመኪና ኪራይ ተጨምሮበት ይመጣል። ነጋዴውም ጭማሪው በሬዲዮ እንደ ተነገረ፣ ገንዘቡ ገና እጃችን ሳይገባ የራሱን ማስተካከያ ያደርጋል።

ስለዚህ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደመወዝን እንደ ድንገተኛ ስጦታ ከማወጅ ይልቅ፣ በየዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ ከግሽበቱ ጋር እያመሳከረ ቢያሻሽል፣ የዋጋ ጥናቱም እንደ መቲ ያሉትን የሩቅ ከተሞች ገበያ ለይቶ ቢያሳይ መልካም ነው በማለት አሳቤን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመቲ