ሳይቃጠል በቅጠል



እ.ኤ.አ. በ2001 በኢየሩሳሌም የሠርግ አዳራሽ ወለል ተደርምሶ 23 ሰዎች ሞቱ። ወለሉ መርገቡ አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ከላይ ተሞልቶ ተስተካከለና ታለፈ።

ብዙዎቻችን የምንኖረው በአሮጌ ሰፈሮች ነው። ልጆቻችንም የሚማሩት ዕድሜ በጠገቡ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ከ1980 በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋሙ ታስበው አልተሠሩም። በየክረምቱ ቀለም መቀባት ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶችንና ትምህርት ሚኒስቴርን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ምሰሶውና ጣሪያው በየጊዜው በመሐንዲስ ይመርመር፤ ውጤቱ በዕብራይስጥና በአማርኛ ለወላጆች ይሰጥ፤ ጉድለቱ የሚጠገንበት ቀን ይጻፍ።

ቋንቋው ከበደን ብለን ዝም አንበል። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ልጆቻችን ውጤት ስንጠይቅ፣ «ሕንፃው መቼ ተመረመረ?» ብለንም በአንድ ድምፅ እንጠይቅ።