ስለ ፈረስ አያያዝ፤ ከእርካብ በፊት ስለሚገባ ትምህርት

በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ በፈረስ ስም መጠራት የክብር ልማድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ መባላቸው ከዚሁ ልማድ ነው። የፈረሱ ክብር እስከዚህ ድረስ ሲሆን፥ ፈረሱን ማለዳ የሚያሸው፥ ሰኮናውን የሚጠርገው፥ ከጋጣ አውጥቶ የሚያቀርበው ሰው ግን ስሙ አይታወቅም ነበር። ከዚህም የተነሣ መጋለብ የጌታ ሥራ፥ ማሸት የልጅ ሥራ ተብሎ ተቈጠረ። ይህ አስተያየት መኪና በማይደርስበት ደጋ በፈረስ በሚዘዋወሩ ሹማምንት ዘንድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጉዳቱም በፈረሱ ጀርባ ላይ ይታያል።

ለፈረስ አዲስ የሆነ ሰው፥ ጠባቂም ቢሆን ሹም፥ ትምህርቱን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእርካብ ነው። ሌላ ሰው በጫነለት ፈረስ ላይ ይወጣል፤ ሲወርድም ዛቡን ለሌላ ሰጥቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው ዐሥር ዓመት ቢጋልብ የፈረሱን ጠባይ አያውቅም። ፈረሱ የተራገጠ ወይም የነከሰ እንደ ሆነ «ክፉ ፈረስ ነው» ተብሎ ይደበደባል፥ ወይም በርካሽ ይሸጣል፤ የክፋቱን ምክንያት የሚመረምር ግን አይገኝም።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰው አቀራረብ ነው። ፈረስ አውሬ የሚያሳድደው ሣር በል እንስሳ ሆኖ ስለ ተፈጠረ፥ የደነገጠ እንደ ሆነ አስቀድሞ መሸሽን፥ መሸሻ ያጣ እንደ ሆነ መራገጥን ያስባል። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የማያየው ከጭራው በስተኋላ በቀጥታ ያለውንና ከግንባሩ ፊት እጅግ ቀርቦ ያለውን ነው። እንግዲህ ድምፅ ሳያሰማ በስተኋላ የመጣ ሰው ቢመታ፥ በፊቱም ላይ እጁን በድንገት የዘረጋ ሰው ቢነከስ፥ ፈረሱ ከማያየው ጠላት ራሱን ተከላከለ እንጂ ክፋት አላደረገም። ጀማሪው ከሩቅ ድምፁን እያሰማ፥ በጎን በኩል ወደ ትከሻው መቅረብ፥ እጁንም አስቀድሞ በአንገቱ ላይ ማሳረፍ ይገባዋል። ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈና ጭራውን የሚያማታ ፈረስ በቃል ከመናገር የማይተናነስ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል።

በሚሳብበት ጊዜ በአፍ ብረት በማይገባበት ልባብ ይሳብ። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፈረሱ ደንግጦ የሮጠ እንደ ሆነ ሰውየውን አብሮ ይጎትተዋልና። በልጓም ማሰርም አይበጅም፤ ወደ ኋላ የሳበ ጊዜ ብረቱ አፉን ያቈስለዋል። ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን።

መጥረግና ማሸት ለጌጥ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የግሪኩ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ጠረጋው ከራስና ከጋማ እንዲጀመር፥ ወደ ፈረስም በቍጣ እንዳይቀረብ መክሯል። ምክሩ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን ከንጽሕናው ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም፥ የሰው እጅ በየቀኑ መላ ገላውን መዳሰሱ ነው። የደረቀ ጭቃ በሻካራ መፋቂያ ይነሣ፤ ይህም ሥጋ በበዛበት ስፍራ እንጂ በፊቱና በእግሩ አጥንት ላይ አይደለም። ከዚያ በኋላ ብሩሽ፥ ብሩሽ የታጣ እንደ ሆነም የተጠቀለለ ደረቅ ሣር፥ ጠጕሩ በተኛበት አቅጣጫ ይሳብበት። እጅ በጫንቃው ጕብታ፥ በአከርካሪው ግራና ቀኝ፥ የኮርቻው ጠፍርም በሚያርፍበት ስፍራ ሲያልፍ አንዳንድ ቀን ትኵሳት ወይም ጥቂት እብጠት ያገኛል፤ ፈረሱም ጀርባውን ዝቅ በማድረግ ሕመሙን ያስታውቃል። ይህ ገጣባ ከመሆኑ በፊት የሚታየው ምልክት ነው። ኮርቻው በዚያን ጊዜ ቢቀርለት በጥቂት ቀን ይድናል፤ ግላስ ተደርቦበት መንገድ ቢሄድ ግን ቆዳው ይሞታል፥ ቍስሉም ወራት ይፈጃል። ከዳነም በኋላ በስፍራው የሚበቅለው ነጭ ጠጕር የባለቤቱን ቸልታ በገበያ መካከል ይመሰክራል።

ሰኮናውም ከመንገድ በፊትና በኋላ ይታይ። ጀማሪው ከፈረሱ ጎን ሆኖ ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ ይቆማል፤ እጁን ከትከሻ ጀምሮ እግሩን እየዳሰሰ ያወርዳል፤ ከዚያም በዱልዱም ብረት ከተረከዝ ወደ ጫፍ ይጠርጋል፤ በመካከል ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል እንዳይወጋ ይጠንቀቅ። በዚያ ስፍራ ጥቍርና የሚገማ ነገር ከተገኘ ጋጣው ርጥብ ነው ማለት ነው። ሚስማር የወጋው ሰኮና የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ እጅግ የሚጠቃ እንስሳ ነውና።

ለወረዳ ሹም ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ፈረስ ባለበት ጋጣ አንድ ብሩሽና አንድ ግላስ ለሁሉ ሲያገለግል ይታያል። በኢትዮጵያ ይልቁንም በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው፥ በቆዳ ላይ እንደ ዶቃ ተከታትሎ እያበጠ የሚፈነዳው በሽታ ከሻጋታ ወገን የሆነ ነው፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው በዝንብ፥ በኮርቻ ዕቃና በመጥረጊያ በኩል በቍስል ይገባል። ከገባም በኋላ ሕክምናው አስቸጋሪ ነው። የአንድ ብሩሽ ዋጋ ከአንድ ፈረስ ዋጋ ጋር የሚተካከል አይደለምና፥ ለየፈረሱ ለብቻው ይሰጥ።

ለአገር ጉዳይ የተሾመ ሰው ፈረስ ለማሸት ጊዜ የለውም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ በከፊል እውነት ነው፤ ሹሙ በየማለዳው ይጥረግ የሚል የለም። ነገር ግን ግላሱን ገልጦ ጀርባውን መዳሰስ አንድ ስኒ ቡና ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ ጌታው እንደሚዳስስ ያወቀ ጠባቂም ቍስል አይሸሽግም። አዲስ ጠባቂ ሲቀጠር መጀመሪያውን አንድ ወር በእርካብ ላይ ሳይወጣ፥ ፈረሱን እየሳበ፥ እያሸ፥ ሰኮናውን እያነሣ ይቆይ፤ ሹሙም ለፈረስ አዲስ የሆነ እንደ ሆነ አብሮት ይማር። ወሩ ሲፈጸም ልባቡ በእጅ ተይዞ ፈረሱ በሜዳ ይቁም፤ አራቱን እግሮቹን በየተራ ሳይታገል ለጀማሪው ከሰጠ ኮርቻው ይውጣ።